ጨጓራ ዝም ሲል፦ ከመቆጣት እስከ ካንሰር ያለው ረጅም መንገድ

የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። «ይሄ ነገር ቆይቶ ካንሰር ይሆንብኝ ይሆን?» አንዳንዱ ደፍሮ ሐኪሙን ይጠይቃል። ብዙው ግን ፍርሃቱን ዋጥ አድርጎ ይቀመጣል፤ ወይም ሌሊቱን ስልኩ ላይ ሲጎረጉር ያድራል። የሚያገኘው ደግሞ ይበልጥ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው።

መልሱን ከወዲሁ ልናገር። የጨጓራ መቆጣት ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካንሰር አይነካቸውም። ጥቂቶቹን ግን ያገኛቸዋል። ሲያገኛቸውም በአንድ ጀምበር አይደለም። ዓመታት፣ ብዙ ጊዜም አሥርት ዓመታት ፈጅቶ፣ ደረጃ በደረጃ ነው። ደረጃዎቹ ይታወቃሉ። በምርመራ ይታያሉ። የመጀመሪያዎቹ በሕክምና ሊመለሱም ይችላሉ።

ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው የጨጓራውን ሁኔታ የሚለካው በሕመሙ ነው። ካቃጠለው ብሶበታል፣ ካላቃጠለው ድኗል። በዚህ በሽታ ይህ ሚዛን አይሠራም። እንዲያውም ሂደቱ መሃል ላይ ሲደርስ ሕመሙ ሊቀንስ፣ ጭራሹን ሊጠፋም ይችላል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከጨጓራው ግድግዳ መጀመር አለብን።

የሚቆጣው ምኑ ነው?

ጨጓራ የሚያመነጨው አሲድ ኃይለኛ ነው። ሥጋ ያሟሟል፤ ከምግብ ጋር የገቡትን አብዛኞቹን ጀርሞች ይገድላል። ራሱን ጨጓራውን የማይበላው የውስጥ ግድግዳው በሚያዳልጥ ልጋጋም ነገር ስለተሸፈነ ነው። ከሽፋኑ ሥር ያሉት ሴሎችም ቶሎ ቶሎ ይተካሉ፤ የላይኛው ረድፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአዲስ ይቀየራል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ግድግዳው ውስጥ የተተከሉ እጅግ ብዙ ጥቃቅን እጢዎች አሉ። አሲዱን የሚያመነጩት እነሱ ናቸው። ቫይታሚን ቢ 12 አንጀት ውስጥ እንዲመጠጥ የሚረዳውን ፕሮቲን የሚሠሩትም እነሱው ናቸው።

አሲድ አምራቾቹ እጢዎች ያሉት በዋናነት በጨጓራው ሰፊ ክፍል፣ ማለትም በላይኛውና በመካከለኛው አካሉ ነው። ወደ አንጀት የሚያመራው የታችኛው ክፍል ሥራው ይለያል። እሱ አሲድ እንዲመረት የሚያዝ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። ይህን ልዩነት ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

መቆጣት የምንለው ነጭ የደም ሴሎች ወደዚህ ግድግዳ መጉረፋቸውን ነው። በዓይን ብቻ አይታወቅም፤ እርግጡ የሚታየው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ነው። ለታካሚዎች እምብዛም የማይነገረው ነገር እዚህ ጋ አለ። ሆዱ ዘወትር የሚቃጠልበት ሰው ናሙናው ሲታይ ግድግዳው ደህና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ምንም ተሰምቶት የማያውቀው ሰው ደግሞ ግድግዳው በነጭ የደም ሴሎች ተጥለቅልቆ ሊገኝ ይችላል። የሚሰማን ስሜትና ግድግዳው ላይ ያለው ጉዳት ሁልጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው አይሄዱም።

ጨጓራን የሚጎዱ ነገሮች ብዙ ናቸው። እንደ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ያሉ ማስታገሻዎች ያቆስላሉ፤ ያደማሉም። አልኮል ይጎዳል። ጭንቀትና የሚያቃጥል ምግብ ስሜቱን ሊያባብሱት ይችላሉ። ወደ ካንሰር የሚያመራውን ረጅም ሂደት በማስጀመር ግን ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ኤች ፓይሎሪ የሚባል አንድ ባክቴሪያ ነው። ሁለተኛው፣ በጣም አነስ ያለው ምክንያት፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል በስህተት የራሱን የጨጓራ እጢዎች ሲያጠቃ የሚመጣው መቆጣት ነው።

ኤች ፓይሎሪ

(ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1979 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ፐርዝ ከተማ፣ ሮቢን ዋረን የሚባል ፓቶሎጂስት (ከሰውነት የተወሰደ ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) ከታካሚ ጨጓራ የተወሰደ ናሙና ሲመለከት የተጠማዘዙ ትንንሽ ባክቴሪያዎች አየ። ያኔ የሕክምናው ዓለም እምነት በዚያ ሁሉ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ ሊኖር አይችልም የሚል ነበር። ዋረን ግን ባክቴሪያው በታየበት መቆጣትም አብሮ እንዳለ አስተዋለ። በኋላ ባሪ ማርሻል የሚባል ወጣት ሐኪም ተቀላቀለው። ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ ለማሳደግ ደጋግመው ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው። በ1982 የፋሲካ በዓል ሰሞን ግን ሳህኖቹ ከተለመደው ሁለት ቀን አልፈው ለአምስት ቀን ያህል ሳይነኩ ቆዩ። ሲመለሱ ባክቴሪያው አድጎ ጠበቃቸው። አዝጋሚ ስለነበር ብቻ ነው እስከዚያ ያልታየው።

ብዙዎች አላመኗቸውም። ስለዚህ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጣው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ያቅለሸልሸውና ያስመልሰው ጀመር፤ ትንፋሹም ተበላሸ። ቀድሞ ደህና የነበረው ጨጓራው በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ሲታይ ተቆጥቶ ተገኘ። ሁለቱ ሰዎች በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከዚያ በፊት፣ በ1994፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ባክቴሪያ ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ትንባሆ ያለበት ምድብ ማለት ነው።

ባክቴሪያው በአሲድ ውስጥ የሚኖርበት ዘዴ ያስገርማል። ዩሪኤዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። በእሱ አማካይነት ጨጓራ ውስጥ ያለውን ዩሪያ ሰባብሮ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያው በዙሪያው ያለውን አሲድ ኃይሉን ያሳጣዋል። ከዚያ በጅራቶቹ እየቀዘፈ ልጋጋሙን ሽፋን ሰርስሮ ይገባና አሲዱ እምብዛም በማይደርስበት፣ ከሴሎቹ አጠገብ ይሰፍራል። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከዚህም አልፈው መርፌ በመሰለ መሣሪያ ካግ ኤ የተባለ ፕሮቲን በቀጥታ ወደ ጨጓራው ሴል ይወጋሉ። ይህ ፕሮቲን የሴሉን የእድገትና የመባዛት ትእዛዝ ያዛባል። እነዚህ ዝርያዎች ያሉበት ሰው ለካንሰር ያለው ተጋላጭነት ከሌሎቹ ይበልጣል።

ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን ባክቴሪያ የሚያገኘው በልጅነቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከቤተሰቡ። ካልታከመ አብሮት ያረጃል። ከዓለም ሕዝብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው እንደተሸከመው ይገመታል። ሰውነት ባክቴሪያውን ይዋጋዋል፤ ነጭ የደም ሴሎቹን ይልካል። ግን አያጠፋውም። ውጊያው ለ30 እና ለ40 ዓመት ይቀጥላል። ለጨጓራው ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ማብቂያ ከሌለው ውጊያ ነው።

ሴል በሞተ ቁጥር ሌላው ተባዝቶ ይተካዋል። ሲባዛ ደግሞ በውስጡ ያለውን የዘር መመሪያ ሙሉውን ይገለብጣል። አንድን መጽሐፍ ሺህ ጊዜ በእጁ የሚገለብጥ ጸሐፊ የሆነ ቦታ ላይ ፊደል መሳቱ አይቀርም። በዚያ ላይ የሚጽፍበትን ጠረጴዛ የሚነቀንቅበት ሰው ቢኖርስ? የቆየ መቆጣት ሁለቱንም ያደርጋል። ሴሎቹን ያለ ዕረፍት ያስገለብጣል፤ ነጭ የደም ሴሎቹ የሚረጩት ኬሚካል ደግሞ የዘር መመሪያውን በቀጥታ ይጎዳዋል። አብዛኞቹ ስህተቶች ይታረማሉ ወይም ከሴሉ ጋር ይጠፋሉ። አንዳንዶቹ ግን ይተርፋሉ፤ ይጠራቀማሉም።

ደረጃ በደረጃ

ይህን ሂደት በደረጃ ያስቀመጠው ፔላዮ ኮሪያ የሚባል ኮሎምቢያዊ ፓቶሎጂስት ነው። በአገሩ ተራራማ ክፍል የሚኖሩ ሰዎች በጨጓራ ካንሰር በብዛት ይታመሙ ነበር፤ ባሕር ዳር ያሉት ግን ያን ያህል አይደሉም። ልዩነቱን ሲያጠና የደረሰበትን ሐሳብ በ1975 አሳተመ፤ ከዚያ በኋላም በተከታታይ አሻሻለው። ዛሬም ድረስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የእሱን መሰላል ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ተራው የቆየ መቆጣት ነው። እጢዎቹ አሉ፤ ሥራቸውንም ይሠራሉ፤ ብቻ በመሃላቸው ነጭ የደም ሴሎች ሰፍረዋል። እዚህ ላይ ባክቴሪያው ከጠፋ ግድግዳው ቀስ በቀስ ወደ ደህና ሁኔታው ይመለሳል።

ሁለተኛው መሳሳት ነው። ሐኪሞች አትሮፊ ይሉታል። እጢዎቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ቦታቸውን ጠባሳ መሰል ነገር ይይዘዋል። ግድግዳው ይሳሳል፤ በኢንዶስኮፒ ሲታይም ከሥሩ ያሉት የደም ሥሮች ገርጥቶ በሳሳው ሽፋን ውስጥ አልፈው ይታያሉ።

መጀመሪያ ላይ ያልኩት ዝምታ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። አሲድ የሚያመርቱት እጢዎች እያለቁ ከሆነ አሲዱ ይቀንሳል። አሲዱ ሲቀንስ ማቃጠሉም፣ ቃሩም ሊቀንስ ይችላል። ሰውየው «ተመስገን፣ ጨጓራዬ ተሻለኝ» ይላል። መድኃኒቱንም፣ ክትትሉንም ይተዋል። ግድግዳው ግን ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተሻግሯል። ይህ በሁሉም ላይ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ሕክምና ወስዶ በእውነት የዳነ ሰውም ዝም ይልለታል። ሁለቱን ዝምታዎች ከውጭ ሆኖ መለየት ስለማይቻል ነው ምርመራ የሚያስፈልገው።

የአሲድ መቀነስ ሌላም መዘዝ አለው። ቀድሞ አሲዱ የሚገድላቸው ሌሎች ባክቴሪያዎች ጨጓራው ውስጥ መኖር ይጀምራሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ከምግብና ከምራቅ የሚመጣውን ናይትሬት ይለውጡትና በመጨረሻ ካንሰር አምጪ የሆኑ ውህዶች እንዲፈጠሩ መንገድ ይከፍታሉ። ብረት የተባለው ማዕድን በደንብ አይመጠጥም። ቫይታሚን ቢ 12ም ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ስለ ጨጓራው ጨርሶ ሳያስብ ነው። ይደክመዋል፣ እጅና እግሩን ይደነዝዘዋል፤ ሲመረመር የደም ማነስ ይገኝበታል፤ ምንጩ ሲፈለግ የሳሳ ጨጓራ ይወጣል።

ሦስተኛው ደረጃ ይበልጥ እንግዳ ነው። ጨጓራው አንጀት መሆን ይጀምራል። ስሙ ኢንቴስቲናል ሜታፕላዚያ ነው። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ በጨጓራ ሴሎች መካከል ጨጓራ ውስጥ መኖር የሌለባቸው ሴሎች ብቅ ይላሉ፤ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያሉ፣ ሆዳቸው በልጋግ የተሞላ። በተለየ ቀለም ሲነከሩ ደማቅ ሰማያዊ ይሆናሉ። ፓቶሎጂስቱ እነሱን ሲያይ አይሳሳትም፤ ትክክለኛ ቦታቸው አንጀት ነው። ለውጡ ግድግዳው ከማያባራ ጥቃት ራሱን ለማትረፍ የሚወስደው እርምጃ ይመስላል። ኤች ፓይሎሪ አንጀት በመሰለ ግድግዳ ላይ በደህና አይኖርም። እንዲያውም ሜታፕላዚያው ሲሰፋ ባክቴሪያው ራሱ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ጊዜ ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል፤ የሠራው ሥራ ግን እዚያው አለ።

አራተኛው ዲስፕላዚያ ነው። እስካሁን ሴሎቹ ቦታቸውን ቢስቱም ሥርዓታቸውን ጠብቀው ነበር። አሁን ሥርዓቱም ይበላሻል። የሴሎቹ ማዕከል ይተልቃል፣ ይጠቁራል፤ አሰላለፋቸው ይዛነፋል። ቀላልና ከባድ ተብሎ ይከፈላል። ከባዱ ከካንሰር የሚለየው ገና ሥሩን ወደ ታች ባለመስደዱ ነው። ሲሰድ አምስተኛው ደረጃ፣ ካንሰሩ ራሱ ይሆናል።

ቃላቱ ያስፈራሉ። ቁጥሮቹ ግን ያረጋጋሉ። በኔዘርላንድስ ከ90 ሺህ በላይ ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት በ2008 ወጥቶ ነበር። ምርመራው በተደረገ በአምስት ዓመት ውስጥ በየዓመቱ ወደ ካንሰር የተሸጋገሩት መሳሳት ከነበረባቸው 0.1 በመቶ፣ ሜታፕላዚያ ከነበረባቸው 0.25 በመቶ፣ ቀላል ወይም መካከለኛ ዲስፕላዚያ ከነበረባቸው 0.6 በመቶ ነበሩ። በሌላ አነጋገር ሜታፕላዚያ ካለባቸው 1000 ሰዎች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ካንሰር የሚገኝባቸው ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ከባድ ዲስፕላዚያ ላይ ግን ቁጥሩ ዘሎ 6 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ «ሜታፕላዚያ» የሚል ወረቀት የያዘ ሰው ኑዛዜ መጻፍ የለበትም። «ከባድ ዲስፕላዚያ» የሚል የያዘ ደግሞ አንድ ሳምንትም ማባከን የለበትም።

ለምን አንዱን ይዞ ሌላውን ይተዋል?

ኤች ፓይሎሪ ካለባቸው 100 ሰዎች ካንሰር የሚይዛቸው ከ1 እስከ 3 ያህሉ ናቸው። ለዚህ አንዱ ትልቅ ምክንያት መቆጣቱ ያረፈበት ቦታ ነው። ከላይ ልብ ይበሉልኝ ያልኩት ልዩነት የሚጠቅመው እዚህ ነው።

መቆጣቱ በታችኛው ክፍል ላይ ሲያተኩር አሲድ የሚያዘው ሆርሞን ይበዛል። አሲዱም ይበዛል። ሰውየው ያቃጥለዋል፤ ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የአንጀት ክፍል ላይ ቁስለት ሊወጣበትም ይችላል። ይሠቃያል። የካንሰር ዕድሉ ግን ዝቅተኛ ነው። መቆጣቱ ወደ ሰፊው አካል ሲዘልቅ ነገሩ ይገለበጣል። አሲድ አምራቾቹ እጢዎች ይጠፋሉ፤ አሲዱ ይወርዳል፤ ሰውየው ብዙም ላይሰማው ይችላል። የካንሰሩ ስጋት ያለው እዚህኛው ላይ ነው። በ2001 የታተመ አንድ የጃፓን ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። 1526 ሰዎችን በአማካይ ለ7.8 ዓመት ተከታትሏል። ባክቴሪያው ካለባቸው 2.9 በመቶው የጨጓራ ካንሰር ያዛቸው። ባክቴሪያው ከሌለባቸው 280 ሰዎች አንድም አልተያዘም። ባክቴሪያው ኖሮባቸው የአንጀት ቁስለት ከነበረባቸው ታካሚዎችም እንዲሁ አንድም አልተያዘም። ብዙ የሚያቃጥለው ሰው በብዛት ይመረመራል፤ ዝም ያለበት ግን ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ሌሎቹን ምክንያቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ በጨጓራ ካንሰር የታመመበት ሰው ተጋላጭነቱ ከሌላው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። በጨው የተጠበቀና በጭስ የደረቀ ምግብ ማዘውተር ያባብሳል። ሲጋራ ያባብሳል። ወንዶች ከሴቶች ሁለት እጥፍ ያህል ይታመማሉ፤ ዕድሜም ሲገፋ ስጋቱ ይጨምራል።

ሁሉም የጨጓራ ካንሰር በዚህ መሰላል እንደማይወጣም መታወቅ አለበት። ተበታትኖ የሚያድገው ዓይነት እነዚህን ደረጃዎች በግልጽ ሳያሳይ ሊመጣ ይችላል፤ ወጣቶችንም ይይዛል። አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ በዘር የሚወረስ አለ። ከጉሮሮ ቧንቧ ጋር በሚገናኘው ጫፍ ላይ የሚወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአሲድ ወደ ላይ መመለስና ከውፍረት ጋር ይያያዛል።

ምርመራው

ባክቴሪያውን ለማግኘት ሆድ ውስጥ ካሜራ ማስገባት ግድ አይደለም። የትንፋሽ ምርመራ አለ። ታካሚው መጀመሪያ ትንፋሹን ከረጢት ውስጥ ይሰጣል። ከዚያ በውስጡ በተለየ ካርበን ምልክት የተደረገበት ዩሪያ ይጠጣል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንደገና ይተነፍሳል። ባክቴሪያው ካለ ያ ኢንዛይሙ ዩሪያውን ይሰብረዋል፤ ምልክት ያለበት ካርበን ዳይኦክሳይድም በሁለተኛው ትንፋሽ ውስጥ ይገኛል። ከሌለ ምንም አይወጣም። ራሱን ከአሲድ የሚከላከልበት ዘዴ ነው የሚያጋልጠው። የሰገራ ምርመራም አስተማማኝ ነው። የደም ምርመራው ግን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሚለካ ባክቴሪያው ከጠፋ ከብዙ ጊዜ በኋላም «አለ» ሊል ይችላል። ለመዳን ማረጋገጫ አይሆንም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ አሲድ መቀነሻዎች ባክቴሪያውን ያዳክሙትና ምርመራውን ያታልላሉ። ከትንፋሽም ሆነ ከሰገራ ምርመራ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል መቆም አለባቸው፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለአራት ሳምንት። ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር የተመረመረ ሰው «ነጻ ነህ» ተብሎ በስህተት ሊሸኝ ይችላል።

ደረጃውን ለማወቅ ግን ኢንዶስኮፒና ናሙና የግድ ናቸው። ናሙናውም ከአንድ ቦታ ብቻ ከተወሰደ አይበቃም። ቢያንስ ሁለት ከታችኛው ክፍል፣ ሁለት ከሰፊው አካል፣ ለየብቻቸው በተለያየ ዕቃ መላክ አለባቸው። መሳሳቱ የት ድረስ እንደተስፋፋ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ታች ብቻ ያለ ሜታፕላዚያና ወደ ላይ የዘለቀ ሜታፕላዚያ ስጋታቸው አይተካከልም።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶችም አሉ። ሳያስቡት መክሳት፣ ምግብ ሲውጡ መያዝ፣ ጥቂት በልቶ ቶሎ መጥገብ፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ። እነዚህ ያሉበት ሰው የትንፋሽ ምርመራ ላይ ሳይቆም በቀጥታ ለኢንዶስኮፒ መላክ አለበት። ማስታገሻ እየዋጡ መሰንበት አያዋጣም።

ማቋረጥ ይቻላል

ባክቴሪያው ይታከማል። ዛሬ በብዛት የሚመከረው ለ14 ቀን የሚወሰድ የአራት መድኃኒቶች ጥምር ነው፤ አሲድ መቀነሻ፣ ቢስሙት፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል። ቀላል አይደለም። ክኒኑ ይበዛል፤ አፍ ይመራል፤ ሰገራ በቢስሙቱ ምክንያት ይጠቁራል፤ ያቅለሸልሻል። ብዙ ሰው በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ይተወዋል። እባክዎ አይተዉት። የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ሊለምድና ቀጣዩን ሕክምና ሊያከብደው ይችላል። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በብዙ የዓለም ክፍሎች ኃይሉ የተዳከመው ባክቴሪያው ስለለመደው ነው።

አሲድ መቀነሻ ብቻውን ባክቴሪያውን አያጠፋም። ማቃጠሉን ያበርዳል፤ ያ ደግሞ ትልቅ እፎይታ ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን ባክቴሪያው እያለ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ መቆጣቱ ከታች ተነስቶ ወደ ሰፊው አካል ሊዘልቅ እንደሚችል ታይቷል። ለዓመታት ኦሜፕራዞል እየገዛ የሚውጥ፣ ግን አንድም ቀን ለኤች ፓይሎሪ ተመርምሮ የማያውቅ ሰው ካወቁ ቢያንስ ይህን አንድ ምርመራ እንዲያደርግ ይንገሩት።

ሕክምናው ካለቀ ከአራት ሳምንት በኋላ ባክቴሪያው በእርግጥ መጥፋቱ በትንፋሽ ወይም በሰገራ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም። በደቡብ ኮሪያ የቅርብ ዘመዳቸው በጨጓራ ካንሰር የታመመባቸው፣ ባክቴሪያውም ያለባቸው ከ1600 በላይ ሰዎች ለዘጠኝ ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎላቸው ውጤቱ በ2020 ታትሟል። መድኃኒቱ ከተሰጣቸው 1.2 በመቶው፣ ካልተሰጣቸው 2.7 በመቶው ካንሰር ያዛቸው። ባክቴሪያው መጥፋቱ የተረጋገጠላቸውና አሁንም ያለባቸው ለብቻ ሲነጻጸሩ ደግሞ 0.8 ለ2.9 በመቶ ሆነ።

ሜታፕላዚያ ላይ የደረሰ ሰውስ? ባክቴሪያውን ማጥፋቱ አሁንም ይጠቅመዋል፤ መቆጣቱ ይበርዳል። አንጀት የመሰለው ግድግዳ ወደ ጨጓራነቱ መመለሱ ግን እርግጠኛ አይደለም፤ ስጋቱም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ ሜታፕላዚያው ሰፊ ከሆነ በየሦስት ዓመቱ ገደማ ኢንዶስኮፒ ይመከራል፤ የዘመድ ታሪክ ካለ ቶሎ ቶሎ። ዲስፕላዚያ ከሆነ ቦታው በኢንዶስኮፒ ይነሳል። ገና ላይኛው ሽፋን ላይ ያለ ካንሰር እንኳ ሆድ ሳይከፈት ከውስጥ ተልጦ ሊወጣ ይችላል፤ በዚህ ደረጃ ከተያዙት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ወደ ጉበትና ወደ ሌላ አካል ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘ ግን ብዙዎቹን ማትረፍ አይቻልም። በ2022 በዓለም ላይ ወደ 970 ሺህ ሰዎች አዲስ የጨጓራ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ ወደ 660 ሺህ የሚሆኑት ሞተዋል። ከሟቾቹ ብዛት በስተጀርባ ያለው አንዱ ትልቅ ምክንያት ዘግይቶ መታወቁ ነው። በሽታው በብዛት የሚገኝባት ደቡብ ኮሪያ ይህን ዓይታ ነው ዕድሜው 40 የሞላውን ሰው ሁሉ በየሁለት ዓመቱ የምትመረምረው። ጃፓንም ከ2013 ጀምሮ በኤች ፓይሎሪ የተቆጣ ጨጓራን የማከሚያ ወጪ በጤና መድን ትሸፍናለች።

ኢንዶስኮፒ ተደርጎልዎት የሚያውቅ ከሆነ የፓቶሎጂ ውጤቱን ወረቀት ፈልገው ያንብቡት። ወረቀቱ ላይ አትሮፊ፣ ኢንቴስቲናል ሜታፕላዚያ ወይም ዲስፕላዚያ የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን ይዩ። ካለ ሐኪምዎን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ናሙናው ከየትኞቹ ክፍሎች ተወሰደ፣ ለውጡ ታች ብቻ ነው ወይስ ወደ ሰፊው አካል ዘልቋል፣ ቀጣዩ ኢንዶስኮፒ መቼ ነው። የቅርብ ዘመድዎ በጨጓራ ካንሰር ታሞ ከነበረ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ወረቀቱንም አይጣሉት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያይዎት ሐኪም አዲሱን ውጤት የሚያመሳክረው ከእሱ ጋር ነው።